በጓ ቀኗ ደርሶ ካልወለደች የምጥ መርፌ ይሰጣት?

እህቴ፣ «በጌ አምስት ወሯ ሞልቷል፣ ግቷም ተወጥሯል፣ ግን አልወለደችም፤ የምጥ መርፌ ላስወጋት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አታስወጊያት። ደብረ ብርሃን አካባቢ የመንዝ በግ ሳረባ ዓመታት ሆኖኛል። ይህንን የተማርኩት ግልገል ሞቶብኝ ነው።

እኔም ቸኩዬ ባለሙያ ጠራሁ። የማህፀን በሯ መከፈቱን ሳያይ ኦክሲቶሲን የሚባለውን፣ ማህፀን እንዲገፋ የሚያደርገውን ሆርሞን ወጋት። ማህፀኗ ይገፋል፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አደረች። ግልገሉ ሞቶ ወጣ፣ እሷም ለጥቂት ተረፈች። ድምጿ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

በበግ የምጡን ቀን የሚቆርጠው ሆድ ውስጥ ያለው ግልገል ነው። እርግዝናውን ይዞ የሚያቆየው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወር ገደማ በኋላ በብዛት የሚመነጨው ከእንግዴ ልጁ ነው። ግልገሉ ሲደርስ ከራሱ እጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ያኔ እንግዴ ልጁ ፕሮጄስትሮኑን ኢስትሮጅን ወደሚባል ሌላ ሆርሞን መቀየር ይጀምራል። በመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ኢስትሮጅን በጣም ይጨምራል፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይከተላል፣ የማህፀኑ በር ይላላል። ኦክሲቶሲን በብዛት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ግልገሉ በሩን ሲገፋ ነው። እኛ የመጨረሻውን ነው ያስቀደምነው።

ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ግሬሃም ሊጊንስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በበጎች ላይ አሳይቷል። ኮርቲሶል እንዲለቀቅ የሚያዘው የግልገሉ ፒቱታሪ እጢ (አንጎል ሥር ያለ ትንሽ እጢ) ሲጠፋ እናቲቱ ቀኗ አልፎም አትወልድም። ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት ሲሰጠው ደግሞ ያለጊዜው ይወለዳል፤ ግን ይተነፍሳል! ሳንባው ቀድሞ ደርሷላ። ዛሬ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለሆኑ እናቶች የሚሰጠው የሳንባ ማብሰያ መርፌ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ በጓን ስትጠብቂ ግልገሉ ሳንባውን እየጨረሰ ነው።

ደግሞ ያልሽው አምስት ወር (150 ቀን) አማካይ ነው። አውራው ከመንጋው ጋር የሚውል ከሆነ ያረገዘችበትንም ቀን በትክክል አታውቂውም። ግት ብቻውን አያስቸኩልሽ፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም ይሞላል። ከመንጋው ስትለይ፣ መሬት ስትጭር፣ ተነስታ ስትተኛ ያኔ አጠገቧ ሁኚ። የሽርት ውሃው ፈሶ እያማጠች አንድ ሰዓት ካለፈ ሐኪም ጥሪ፤ መጀመሪያ በእጁ ይመርምራት።

ስትወልድ አፍንጫውን ብቻ ጥረጊለትና ተያት፣ ትላሰው። ልጇን በጠረኑ የምትለየው በነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። በተለይ የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ወስደሽ በውሃ አትጠቢው፣ ኋላ አላጠባም ትልሻለች።