ችግኙ ወንድ ነው ሴት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዘራሁት የቴምር ፍሬ በቅሎ ብዙ ችግኝ ሆኖልኛል። ወንዱን ከሴቱ ለመለየት እስኪያብብ ጠብቅ ይሉኛል፤ በቅጠሉ ዲኤንኤ ይታወቃል የሚሉም አሉ። እውነት ነው? ያው ምርመራ ችግኞቹ በዘር ምን ያህል እንደሚለያዩስ ይነግረኛል?

መልስ፦ አዎ፣ በቅጠል ይታወቃል። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ሌላ ምርመራ ነው የሚፈልገው።

ቴምር ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ናቸው፤ ከዘር ከበቀለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል። ለማበብ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ አጠጥቶ በመጨረሻ «ወንድ ነው» መባል ያበሽቃል። ለዲኤንኤ ግን ትንሽ የቅጠል ቁራጭ ትበቃለች። የቴምር ወንዱ እንደ ሰው ኤክስ እና ዋይ ክሮሞሶም አለው፣ ሴቷ ሁለት ኤክስ። ላብራቶሪው ዋይ ላይ ብቻ ያለን የዲኤንኤ ቁራጭ በፒሲአር (ዲኤንኤን ደጋግሞ በሚቀዳ ዘዴ) ያባዛና ጄል (የተባዛው ቁራጭ እንደ መስመር የሚታይበት ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ ያየዋል። መስመር ከታየ ወንድ ነው፣ ካልታየ ሴት ናት።

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዲኤንኤው ተጎድቶ ወይም ከቅጠሉ አብሮ የወጣ ዝልግልግ ነገር ፒሲአሩን አፍኖት ምንም ሳይባዛ ሊቀር ይችላል፤ ባዶ ጄል ደግሞ ቁርጥ ሴት ይመስላል። ስለዚህ በሁለቱም ፆታ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ቁራጭ አብሮ መባዛት አለበት። ያ መስመር ከሌለ ውጤት የለም፣ ሥራው ይደገማል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያደርጉ እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ያንኑ ማርከር (ፆታ የሚለይበትን የዲኤንኤ ቁራጭ) ለሌላ ዛፍ ልጠቀም እንዳይሉ ደግሞ። ፒስታቺዮ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ሁለት ዓይነት ክሮሞሶም የያዘችው ሴቷ ናት።

ወደ ብዝኃነቱ እንምጣ። የፆታው ማርከር የሚያየው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ስለ ዝምድና አይናገርም። ለዚያ በየክሮሞሶሙ የተበተኑ ብዙ ቦታዎች ይታያሉ፤ በብዛት የሚሠራበት ማይክሮሳተላይት ነው። ጥቂት የዲኤንኤ ፊደላት ተከታትለው የሚደጋገሙበት ቦታ ማለት ነው፣ አንዱ ዛፍ 12 ጊዜ ሲደግመው ሌላው 17 ጊዜ ይደግመዋል። ዛፉ ከእናቱም ከአባቱም ስለሚወርስ በየቦታው ሁለት ቁጥር ይወጣለታል። በሁሉም ቦታ ቁጥራቸው የሚመሳሰል ዛፎች የአንድ ዛፍ ቅጂ ናቸው። አሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ ያለው ፓንዶ የተባለ የአስፐን (ከሥሩ አዲስ ግንድ የሚያወጣ ዛፍ) ደን በእንዲህ ዓይነት ማርከር ተፈትሿል፤ 43 ሄክታር ላይ የቆሙት 47,000 ገደማ ግንዶች አንድ ወንድ ዛፍ ናቸው፣ ያውም ሥራቸው አንድ።

የእርስዎዎቹ ከዘር ስለበቀሉ ቅጂ አይደሉም። ፍሬውን ከአንዲት እናት ለቅመው ከሆነ ግን ችግኙ መቶም ቢሆን ያው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ብዝኃነቱ ጠባብ ነው። ዘር ለማቆየት ካላሰቡ ለዚህኛው ምርመራ ገንዘብ አያውጡ። ወንድ የተባሉትንም ሁሉንም አይንቀሉ፣ ሴቷ እንድታፈራ የአበባ ዱቄቱን የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ጥቂቱ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። ዋናው ፍላጎትዎ ፍሬ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ከምታፈራ ሴት ሥር የወጣ ቡቃያ ነቅለው ይትከሉ፤ ፆታዋም ጣዕሟም የእናቷ ነው፣ ላብራቶሪ አያስኬድዎትም።