ጠገራው ላይ ያለው እብጠት

ጥያቄ፦ ከሴት አያቴ የአንገት ጌጥ የተረፈ ጠገራ ብር አለኝ። ከኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ራስ በላይ፣ ጠርዙ ላይ ግራጫ እብጠት አለው፤ ፊቱ ግን እንደ አዲስ ያበራል። ሲታተም የመጣ ነው ወይስ ኋላ የደረሰ ጉዳት? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከአንገት ጌጥ መምጣቱ ራሱ ግማሽ መልስ ነው። አንጥረኛ ጠገራን ለማንጠልጠል ወይ ይበሳዋል፣ ወይ ጠርዙ ላይ ቀለበት ይበይድበታል። ቀለበቱ ሲነቀል ብየዳው ይቀራል። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እያዞሩ ይዩ፤ ዙሪያውን ያለው የላቲን ጽሑፍ እብጠቱ ጋ ሲደርስ ከተደፈነ ወይም የሞረድ ምልክት ካለው ብየዳ ነው። የተደፈነ ቀዳዳ ከሆነ በሁለቱም ፊት ትይዩ ቦታ ላይ ክብ ምልክት ይታያል። ሙሉ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ነገር ግን ብየዳው የተሞረደውን ሊያካክስ ስለሚችል በሚዛን ብቻ አይፍረዱ።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ማብራቱ ነው። በአንድ መብራት ሥር አጋድመው ቀስ እያሉ ያዙሩት። ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ፣ በፊደሎቹ ሥር ደግሞ ጥቁረት ተደብቆ ከቀረ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ ተፈትጓል። ይህ አይመለስም፤ ከእንግዲህ በሎሚም እንዳይነኩት።

ጎድጎድ ያለ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው። ከፍ ብሎ የወጣ ቀጭን መስመር ግን ከማተሚያው ቅርጽ የመጣ ስለሆነ እንደ ጉዳት አይቆጠርም።

1780 የሚለውን ቁጥር አይመኑ፤ ከእቴጌዋ ሞት በኋላ የታተሙትም ይህንኑ ዓመት ይዘዋል።