ተጎታቹ ቀዝቃዛ፣ መኪናው ትኩስ

የኮምቦልቻ አንባቢያችን ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለው። ከኋላው ከውጭ የገባ አሮጌ ካራቫን ይጎትታል፤ ባለ ሁለት ጎማ፣ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ዕቃ ሲሞላ አንድ ቶን ግድም የሚሆን። ለገና ቤተሰቡን ይዞ ላሊበላ ሊሄድ አስቧል። ለሙከራ ደሴ ደርሶ ሲመለስ ቁልቁለቱ መሐል ላይ የቃጠሎ ሽታ መጣ፣ የፍሬኑ ፔዳልም ስፖንጅ እንደመርገጥ ሆነበት። ወርዶ ሲነካ የፒክአፑ የፊት ጎማዎች እንደ ምጣድ ግለዋል፣ የካራቫኑ ግን ቀዝቃዛ ናቸው። አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ፍሬኑ ተመለሰ። ጋራዥ ወስዶ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ አስቀየረ፤ ያው ነው። አሁን የሚጠይቀው ቁልቁለቱ ቀለል ያለ መንገድ የቱ እንደሆነ ነው። እግረ መንገዱን እናቱና ልጆቹ ካራቫኑ ውስጥ ተኝተው እንደሚሄዱ ጽፏል።

ወንድምዓለም፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ተጎታች ውስጥ ሰው አይጫንም። መንጠቆው ቢላቀቅ አንተ መሪ ይዘሃል፣ እነሱ ምን ይይዛሉ? ጋቢና ካልበቃ ሚኒባስ ይሳፈሩ።

ወደ ፍሬኑ። ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፍሬን የፓምፕ ችግር አይደለም። ያረጀ ፓምፕ ሲያርፍ አይድንም። ብሩን በከንቱ ነው ያወጣኸው፤ የቀየረልህ ሰው ጎማዎቹን አንዴ በእጁ ቢነካ ኖሮ ይገባው ነበር። የካራቫንህ ፍሬን ጨርሶ አይሠራም ብዬ ነው የምጠረጥረው። ፒክአፑ ብቻውን ሁለቱንም ሲይዝ ጋለ፣ የፍሬን ዘይቱ ፈላ። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት አለ፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል፣ ስፖንጁ እሱ ነው።

እነዚህ ካራቫኖች ሲገፉ ራሳቸውን የሚይዙ ናቸው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተጎታቹ ወደፊት ይመጣል፣ መጎተቻው ላይ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኬብሉን ይስብና የፍሬኑን ሸራ አብሮ ከሚዞረው ከጎማው ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል። ዘንጉ ሲያረጅ ኳ ኳ ይላል። ታዲያ እኛ አገር ኳ ኳ ያለ ነገር ሁሉ ይበየዳል! እኔ ጋ የመጣ አንድ ካራቫን ዘንጉ ዙሪያውን ተበይዶ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ባለቤቱ "ድምፁ ጠፋልኝ" ብሎ ደስ ብሎታል። ፍሬኑም አብሮ ጠፍቷል፣ ወላሂ። አንተም የላስቲኩን ሽፋን ገልጠህ እይ። ብየዳ ካለ ይፈለጥና ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቡሽ ይቀየር። ከሌለ ኬብሉን ተከተል፤ ወይ ተበጥሷል ወይ ዝጓል። ከዚያ ካራቫኑን በክሪክ አንስተህ የእጅ ፍሬኑን እየሳብህ ሁለቱም ጎማ እኩል መያዛቸውን አረጋግጥ።

የፒክአፑን የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ አየሩንም አስወጣ። ዶት 4 የሚባለውን ደረጃ አድርግ። አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ ግን 155 ግድም ላይ ይፈላል። ክዳኑ የተነካ ጠርሙስ ረከሰ ብለህ እንዳትገዛ። ሸራም እንዲሁ። ርካሹ ሲግል ይሰነጠቃል፣ እኔ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ፈትቼ አውቃለሁ።

አሁን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የምላትን ልንገርህ። ደሴ ከኮምቦልቻ በከፍታ ወደ 600 ሜትር ትበልጣለች። መኪናህና ካራቫንህ ተደምረው 3 ቶን ናቸው እንበል። ይህን ክብደት ያን ያህል ስታወርደው የሚወጣው ሙቀት ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያፈላል። አዎ፣ ሁለት ጀሪካን! ያ ሁሉ እሳት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በከባድ ማርሽ ከወረድህ ብዙው በሞተሩ በኩል ይወጣል። ዜሮ አድርገህ ነዳጅ ልቆጥብ ካልህ ግን ሁለቱንም ጀሪካን መዳፍ በምታክል ሸራ ልታፈላ ነው። ወደ ላሊበላ የምትታጠፍበት ጋሸና ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ የላሊበላ አየር ማረፊያ 1,960 ገደማ። ልዩነቱን አስላው፤ አራት ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው።

እንግዲህ ቁልቁለት የሌለበት መንገድ ወሎ ውስጥ አትፈልግ፣ የለም። የሚመረጠው መዞሪያና ማረፊያ ያለው ነው። ስልክህ ከወልድያ በኩልመስክ የሚያቋርጠውን ሊያሳይህ ይችላል፣ ያጥራልና። ተወው። ስልኩ ካራቫን እንደምትጎትት አያውቅም። ጠባብ መታጠፊያ ላይ አይሱዙ ፊት ለፊት ቢመጣብህ ተጎታች ይዘህ ወደ ኋላ መሄድ ቀልድ አይደለም። የድልብን ዳገት ወጥተህ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ በሠሩት መንገድ ጋሸና ግባ፣ ከዚያ ወደ ላሊበላ ታጠፍ። ከመነሳትህ በፊት መንገዱንም ሰላሙንም በዚያ ሳምንት የሄደ ሹፌር ጠይቅ።

ጠዋት 12 ሰዓት ውጣ። ሐይቅ ላይ ዓሣህን ብላ፣ ጎማዎቹንም ንካ። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ስትወርድ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ፤ መሐል ላይ ልቀንስ ብትል ላይገባልህ ይችላል። ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። እግርህን ጭነህ አትውረድ። ወልድያ እደር። የድልብ ዳገት በማለዳ ይሻላል፣ ሞተርህ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባለት) የሌለው ከሆነ እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህል ያጣል፣ አትቆጣው። ስትቆም ለጥንቃቄ ጎማ ሥር ድንጋይ ካስገባህ ስትነሳ አንሳው! የሹፌሩ ሁሉ ድንጋይ አስፋልት ላይ ቀርቶ ስንቱን ገለበጠ።

ዕቃውን ከካራቫኑ ኋላ አትከምር። ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል መንጠቆው ላይ ይረፍ፣ አለዚያ ጭራው ይወዛወዛል። ውሃና ሲሊንደር ከጎማው በላይ ይቀመጡ። እናትህ ግን ጋቢና። ለአምስት ደቂቃ ጋደም ልበል ብትልም መኪናው ቆሞ ነው።

መጀመሪያ ካራቫኑን ባዶ አድርገህ ደሴ ወጥተህ ውረድ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሁሉንም ጎማ ንካ። የካራቫኑ ሞቅ ብሎ የፒክአፑ እጅ የሚያስቀምጥ ከሆነ ጉዞህን ቀጥል። ካራቫኑ አሁንም ቀዝቃዛ ከሆነ የዘንጉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።