አፌን ምን ላርገው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጎረቤት ጸብ ከጻፍኩ ወዲህ የሚመጡት ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ አፍ ሆነዋል፣ ስድብ፣ ብልግና፣ መሐላ ምናምን። አራቱን መርጫለሁ፣ ሁሉም ከዚሁ ከሐዋሳ ናቸው። አንዳንዱን ቃል ራሴ ቆርጬዋለሁ፣ ምክንያቱም ይሄ መጽሔት ፀጉር ቤትም ይነበባል ሳሎን ጠረጴዛ ላይም ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ። 29 ዓመቴ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ፣ ቤታችን አቶቴ ነው። ችግሬ አፌ ነው። አራት ወንድሞች መሀል ስላደግኩ እኛ ቤት ስድብ እንደ ጨው ነበር፣ ማንም በማንም አይቀየምም። አሁንም መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ፣ ደንበኛ አስር ከቨር አስወርዶኝ «ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ሲወጣ (አይመጣም!) «ምናባቱ» «የት አባቱ» ያመልጠኛል፣ ከዛ የባሰም ያመልጠኛል። ባሌ ለምዶታል እንደውም ይስቃል። አሁን ግን እናቱ ከይርጋለም መጥተው ጉልበታቸውን እየታከሙ እኛ ጋ ናቸው። በቀደም ቡና ሳፈላ ጀበናው ገንፍሎ እጄን ሲለበልበኝ ከባዱን ለቀቅኩት። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ስኒያቸውን ቁጭ አርገው በረንዳ ወጡ፣ ቶናውን ሳይጠጡ! በማግስቱ ደግሞ የ4 ዓመቷ ልጄ አያቷን «ምናባሽ ትፈልጊያለሽ» አለቻቸው። በቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ግን «አትጨነቂ ባክሽ፣ ስድብ ህመም ያስታግሳል በጥናት ተረጋግጧል» አለችኝ። እውነት ነው? አፌን ምን ላርገው?

መልስ፦ ከነርሷ ልጀምር፣ ግማሽ እውነት ይዛለች። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ ያለው ሪቻርድ ስቲቨንስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 67 ተማሪዎችን በረዶ የሆነ ውሃ ውስጥ እጃቸውን አስነክሮ ነበር፣ አንዴ ስድብ እየደጋገሙ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተራ ቃል እየደጋገሙ። ሲሳደቡ እጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አቆዩ፣ ህመሙም ቀለል አለላቸው። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2009 ነው የወጣው። ጓደኛሽ ያልነገረችሽ እዛው ሰውዬ በ2011 ያወጣውን ነው፣ በየቀኑ ብዙ የሚሳደብ ሰው ላይ ማስታገሻው እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ አንቺ መድኃኒቱን ለከቨር ደንበኛ ጨርሰሽዋል፣ ጀበናው ሲለበልብሽ እጅሽ ላይ የቀረው ባዶ ብልቃጥ ነው።

«ያመልጠኛል» ያልሽውን ግን አምንሻለሁ። ስትሮክ መቷቸው ንግግር ካቃታቸው ሰዎች መሀል አንዳንዶቹ አንድ ሙሉ አረፍተ ነገር መናገር እያቃታቸው ስድብ ግን ጥርት ብሎ ይወጣቸዋል። እንደ ሌላው ንግግር ታስቦ ቃል በቃል የሚገጣጠም አይደለም፣ ተሰርቶ አልቆ አፍ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ስለዛ «ከነገ ጀምሮ አልሳደብም» ብሎ መማል ብዙ አያስኬድም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የልጅሽ ነገር ነው። «ምን አባቴ ላርግ» የማይል ሰው አለ? ቤተክርስቲያን በር ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ሲሉት ሰምቻለሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም፣ የተነካው የራስ አባት ነዋ። «ምናባቱ» ስትይ ደግሞ ሰውየው ከሱቅ ወጥቷል፣ ወይ የተሰደበው መብራት ነው፣ መብራት አባት የለውም። «ምናባክ» ሲሆን ግን ሰውየውም አባቱም ፊት ለፊትሽ ቆመዋል። ቃሉ ያው ነው፣ ጅራቱ ብቻ ነው የተቀየረው። እና ልጅሽ ካንቺ የሰማችው «ምናባቱ»ን ከሆነ ራሷ አስልታ ነው «ምናባሽ» ያረገችው፣ ሰዋሰው ላይ አንደኛ ነች! የማን አባት እንደሚነካና እንደማይነካ ነው ገና ያልገባት። አሞራ ገደል በጠዋት ሄደሽ ታውቂ እንደሆነ ዓሣ የሚያፀዱት ልጆች አባ ኮዳዎቹን፣ እነዛን ትልልቅ ወፎች፣ ሲሰድቧቸው ትሰሚያለሽ፣ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ነው፣ ወፉ አንገቱን ቀብሮ እንደ እድር ዳኛ ቆሞ ያዳምጣል፣ ሰውም ዓሣውን ይበላል። ያው ቃል ከወፉ ዞሮ ቢላ ወደያዘው ጓደኛው ከሄደ ግን ሳቁ ይቆማል።

አሁን ወደ ባልሽ እናት። ይርጋለም ካልሽኝ እና ሲዳማ ከሆኑ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ምናልባት ባልሽም አልነገረሽ ይሆናል። ሲዳማ ባህል ውስጥ ባሊሻ የሚባል ነገር አለ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን እኛም ጋ አለ፣ እሷ ግን በስሙ መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምረውን ተራ ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ በቦታው ሌላ ቃል ትተካለች። በአማርኛ አስቢው፣ ሰውየው ወልዴ ቢባሉ ወተት፣ ወጥ፣ ወንበር ማለት ቀረ፣ ምሳ እንዴት ታቀርቢያለሽ! የቋንቋ ምሁራን የጻፉበት ነገር ነው። ከተማ ውስጥ አሁን ብዙም አይሰማም፣ የሳቸው ዕድሜ ሴቶች ግን አንዳንዶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ እየመረጡ ነው ያወሩት፣ ለአማት ክብር ሲሉ። እና እንደዛ ያደጉ ሴት ፊት ያንን ከባዱን ለቀሽ «ያመልጠኛል» ማለት... እኔ ብሆን እኔም በረንዳ እወጣ ነበር።

ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ግን ደረቅ «ይቅርታ» ብቻ እንዳይሆን። ቡና አፍዪና ቁጭ ብለሽ «እማማ፣ እርስዎ ባሊሻ ይዘው ነበር? በምን ቃል ምን ተኩ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይዘው ከነበረ እስከ በረካ ያወሩልሻል። ካልያዙም ይስቁብሻል፣ እሱም ምንም አይደል።

ለአፍሽ ደግሞ ምትክ ፈልጊለት፣ ልክ እንደ ባሊሻ። «ኤጭ» አለች፣ «ኤዲያ» አለች፣ «ወይ ጣጣ» አለች። ኤጭን አትናቂያት፣ በደንብ ከተባለች ጉሮሮ ታፀዳለች። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ተለማመጂያት፣ እዛ በቀን ሃያ ጊዜ ትናደጃለሽ ጥሩ ልምምድ ነው። ልጅቷን ሚጥሚጣ ምናምን እንዳታስቢ። እናቴ ምላሴ ላይ ሁለቴ ነስንሳብኛለች፣ የተማርኩት ነገር ቢኖር ከአጥር ውጭ መሳደብን ነው። ባልሽ መሳቁን ያቁም፣ ልጅ የሚያስቅ ቃል ካገኘች አትለቅም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ከአራት ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሰላምታችን ራሱ ስድብ ነው፣ «እንዴት አደርክ ከብት» «አለህ አንተ ዶማ» ኖርማል ነው እኔም እላለሁ። አንዱ ግን ሁሌ «ሴት ያሳደገው» ነው የሚለኝ። አባቴን አላውቀውም፣ እናቴ ጉልት ሸጣ ነው ያሳደገችኝ፣ እሱም ያውቃል። ሰው ፊት ስቄ አልፈዋለሁ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አንዴ ስነግረው «ቀልድ አይገባህም እንዴ ብሮ» አለኝ። ሰሞኑን ደግሞ ብሔሬን ጨምሮበት ተናገረኝ። ልምታው ወይስ ልክሰሰው ብዬ እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ እንዳትመታው። ከመታኸው የሱ ስድብ ይረሳና ያንተ ቡጢ ነው የሚወራው፣ ከዛ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብለህ ማስረዳት ያንተ ስራ ይሆናል።

ቀልድ አይገባህም ላለህ፣ ቀልዱ በደንብ ነው የገባህ። «ከብት» ሲልህ «አንተ ራስህ በሬ» ትለዋለህ እኩል ወጣችሁ፣ ተሳስቃችሁ ወደ ስራ። «ሴት ያሳደገው» ሲልህ ግን ምን ትመልስለታለህ? እሱ አባት አለው። መልስ የሌለውን ነገር መርጦ ነው የሚወረውርብህ፣ ያውም ሰው እየሰማ፣ እና አንተ ስቀህ ስለምታልፈው ሌሎቹ አልነካህም ብለው ያምናሉ። እኔ ይህቺን ስድብ አልወዳትም፣ እውነቱን ለመናገር ከነዛ ከሚቆረጡት ስድቦች ሁሉ የባሰች ትመስለኛለች፣ ምክንያቱም ብልግና ቃል የላትም ሽማግሌም በጨዋ አፉ ይላታል። የተሰደበው ልጁ ቢመስልም የተሰደበችው ብቻዋን ያሳደገችው ናት። ያቺ ሚጥሚጣዋን የነሰነሰችው እናቴ ብቻዋን ነበረች፣ እኔም ሴት ያሳደገው ነኝ።

ስለ ክሱ፦ መሳደብ ወንጀል ነው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 ላይ አለ፣ ተበዳዩ ካመለከተ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር ያስቀጣል። ሕጉ በ1996 የወጣ ነው፣ ያኔ 300 ብር ብር ነበር። ብሔር እያነሳ ጥላቻ የሚያነሳሳ ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ወይ በሌላ ሶሻል ሚዲያ ካሰራጨ ደግሞ ሌላ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1185/2012፣ እሱ ከበድ ያለ ነው። ግን አብሮህ የሚተኛ ልጅ ስለሆነ ክሱን ለመጨረሻ አቆየው።

መጀመሪያ ለብቻው አግኘው። ቤት አይደለም፣ ጓደኞቻችሁ ፊትም አይደለም፣ ሐይቅ ዳር ወክ እናርግ በለው፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይቀላል። ከዛ አጭር አርገህ «እናቴንና ብሔሬን አታንሳ፣ ሌላውን እንደፈለክ» በለው። ሳትስቅ! እስካሁን ያላየው የማትስቅበትን ፊት ነው። ከዛም ከደገመው ቤት ቀይር፣ ሁለት ሺህ ብር ቢጨመርብህም ቀይር፣ እንቅልፍ ይበልጣል። ብሔሩን ከደገመው ግን የሰሙትን ልጆች ስም ያዝና ወደ ሕግ ሂድ፣ እሱ ላይ አላስታርቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ። የ15 ዓመት ልጄ በአማርኛ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፣ በእንግሊዝኛ ግን ቀኑን ሙሉ «ፋክ» «ሺት» ነው። ስቆጣው «አማርኛ አይደለምኮ ማሚ፣ ምንም ማለት አይደለም» ይለኛል። ቤተክርስቲያን ይዤው መሄድ ሼም ሆኖብኛል።

መልስ፦ ልጅሽ እየዋሸሽ አይደለም፣ ለሱ እውነትም ምንም ማለት አይደለም። ዣን ማርክ ደዋሌ የሚባል ብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ያጠና ምሁር አለ፣ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያለው ስድብ ነው ይበልጥ የሚከብደው፣ ኋላ የተማረው ቋንቋ ላይ ያው ስድብ ይቀለዋል። «እንግዲያው ያንኑ ነገር በአማርኛ በለኝ» በይው፣ ፊቱ ሲቀላ ታያለሽ። ቃሉን ከነክብደቱ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሊቀመጥ እንደሚችልም ንገሪው፣ ከተማችን ቱሪስትም ፈረንጅ መምህርም አያጣም።

እኔን ቢጠይቁኝ ግን ከፋክ ይልቅ የማይው ሌላ ነገር ነው። የግቢውን ጥበቃ «አንተ» ነው የሚላቸው ወይስ «አንቱ»? ባጃጅ የሚነዳውን ትልቅ ሰውዬስ? በኛ ቋንቋ ሰውን ለማዋረድ አንድም ክፉ ቃል አያስፈልግም፣ አንቱን ወደ አንተ ማውረድ ይበቃል፣ ጸብ ላይ ወንድን «አንቺ» ማለት ደግሞ ቡጢ መጥራት ነው። (ያው እናትሽ በፍቅር ጊዜ ወንድምሽን «አንቺ» ትለው ይሆናል፣ አማርኛ እንዲህ ነው።) ልጅሽ ጥበቃውን አንቱ የሚል ከሆነ ብዙ አታስቢ፣ ፋኩ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ስድብ አልወድም፣ አፌም ንፁህ ነው። ግን ተሳፋሪ ሲከራከረኝ «ገብርኤልን!» «እናቴ ትሙት!» እላለሁ። ሚስቴ ይሄ ከስድብ ይብሳል ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሚስትህ። ገብርኤል እዛው መሀል ከተማ ነው ያለው፣ በቀን ስንቴ በበሩ ታልፋለህ፣ ታህሳስ 19ና ሐምሌ 19 ከስንት አገር ሰው የሚመጣለትን መልአክ አንተ ለአስር ብር መልስ ምስክር ታረገዋለህ። እናትህን ደግሞ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ሁለቴ ገደልካቸው። «ዝርዝር የለኝም» ካልክ ተሳፋሪው ያምንሃል፣ ካላመነህም ኪስህን አሳየው።