የመጀመሪያ ቁርባን በ3 ወር? ከወረቀቱ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ወደ ትምህርት ቤትሽ የሚመጡትን የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ካቶሊክ ልጆች ከየካቲት ጀምሬ በ3 ወር ለመጀመሪያ ኑዛዜና ቁርባን ማድረስ እችላለሁ ወይ ብለሻል። ትምህርቱን ታደርሺው ይሆናል፤ የሚያጓትትሽ ወረቀቱ ነው።

እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ካሉት ካቶሊክ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከሆሳዕና፣ ከወላይታ ወይም ከጉራጌ የመጡ ናቸው። ልጁ የተጠመቀው እዚያ ከሆነ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱም የሚወጣው ከዚያው ቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) መዝገብ ነው። ዘመድ እስኪላክ፣ መዝገብ ተገላብጦ ማኅተም እስኪመታ ጊዜ ይበላል። በምዝገባው ዕለት ጠይቂ። ሲመጣ ስሙን ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር አስተያዪ፤ የክርስትና ስም ብቻ ተጽፎበት የማን እንደሆነ የሚያደናግር ወረቀት ብዙ ነው። ቀጥሎ ሜሮን (ከጥምቀት ቀጥሎ ያለውን የቅዱስ ቅባት ምሥጢር) መቀባቱን እዪ። የግዕዝ ሥርዓት በሚከተሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች፣ በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ መሠረት፣ ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ የላቲን ሥርዓት በሚከተሉ ቁምስናዎች ግን ልጁ አደግ ሲል ለብቻው ነው። ሜሮን እንደ ጥምቀት ሁሉ አይደገምም፤ ስለዚህ ልጆቹን ለሜሮን በጅምላ ማሰለፍ የለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀም ልጅ አይጠመቅም፣ ሜሮንም አይደገምለትም። 14 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ደግሞ ወላጆቹ እየተቃወሙ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መቀበል አይፈቀድም። እንዲህ ያለው ሲያጋጥምሽ ለቆሞሱ፣ ለቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ስጪው፤ አንቺ አትወስኚ።

የቁርባኑን ትምህርት በትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አትክተቺው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፤ አጠገባቸው የሚቀመጡት ልጆችም ብዙዎቹ ካቶሊክ አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት በቁምስናው ግቢ ለ1 ሰዓት ያህል፣ ለአንድ ካቴኪስት (የሃይማኖት አስተማሪ) ከ20 ልጅ ሳይበልጥ ይበቃል። እኔን ብትጠይቂኝ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቢሆን እመርጣለሁ።

ልጆችን የሚያሸብራቸው ኑዛዜው ነው። ዐሥርቱን ትእዛዛት በቃሉ ያጠና የ8 ዓመት ልጅ ገብቶ "አመንዝሬአለሁ" ይላል፤ ዝርዝሩን እንደ ግጥም እየወረደው ነው። ሕሊናውን የሚመረምርበት ጥያቄ ከኑሮው ይነሳ፦ ሱቅ ተልኮ መልስ አስቀርቷል? ታናሹን መትቶ "ራሱ ወድቆ ነው" ብሏል? ጓደኛው በብሔሩ ሲሰደብ አብሮ ስቋል? ደብተር ላይ አታስጽፊያቸው፤ ጎኑ ያለው ያነብበዋል። ልምምዱን በፈጠራ ኃጢአት አድርጊው፦ ያማትባል፣ "ይህ የመጀመሪያ ኑዛዜዬ ነው" ይላል፣ ኃጢአቱን ይናገራል፣ ካህኑ የሚያዘውን ቀኖና (የንስሐ ሥራ) ያዳምጣል፣ የንስሐ ጸሎት ይጸልያል፣ ፍትሐት (የኃጢአት ስርየት) ይቀበላል። ብዙዎቹ ከድንጋጤ የተነሳ ቀኖናውን ረስተው ይወጣሉ። ስለዚህ ከማንም ጋር ሳያወሩ ሄደው ወዲያው እንዲፈጽሙት አስለምጃቸው። ምን እንደተናዘዙ ደግሞ አንቺም ወላጅም እንዳትጠይቁ፤ ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ አስረግጠሽ ተናገሪ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ልጅ ካለ ቋንቋውን የሚያውቅ ካህን ፈልጊለት።

የኑዛዜውን ቀንም አስቢበት። 40 ልጅ እያንዳንዱ በ5 ደቂቃ ቢባል ከ3 ሰዓት በላይ ነው። በቁርባኑ ዋዜማ በአንድ ካህን ከተሞከረ መጨረሻ ላይ የተሰለፉት ተጣድፈው ይወጣሉ። ሁለት ካህን ይኑር፤ ሳምንት ቀድሞም ይሁን።

ለቁርባኑ ብዙ ቃል ማስጠናት አያስፈልግም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጡት ድንጋጌ ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ማስተዋል ለጀመረና ቁርባንን ከተራ እንጀራ ለይቶ ለሚያውቅ ልጅ በቂ ነው ብለዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያልተቀደሰ ኅብስት አሳይተሽ "ይህ ምንድን ነው?" በይ። "የጌታ ሥጋ ነው" ካለሽ ገና አልገባውም፤ ያ ኅብስት ብቻ ነው። "ከተቀደሰ በኋላስ?" ስትይው "የጌታ ምልክት" ካለም አልገባውም። ሁለቱን በትክክል የመለሰ ደርሷል። በዚያው ኅብስት አቀባበሉን አለማምጃቸው፤ አፉን በደንብ የማይከፍት፣ "አሜን" ሳይል የሚጎርስ፣ ሳያላምጥ ለመዋጥ ሞክሮ የሚያስለው አይጠፋም። ቅዳሴው በግዕዝ ከሆነ ቢያንስ "ሰላም ለኵልክሙ" ሲባል "ምስለ መንፈስከ" ማለትን ይወቁ።

ጾሙ በላቲን ሥርዓት ከመቁረብ በፊት 1 ሰዓት ነው፤ ውኃና መድኃኒት አያፈርሰውም። በግዕዝ ሥርዓት ቆሞሱ እንዳዘዘው ይሁን። ቅዳሴው ረዘም ስለሚልና ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ስላሉ ሻይና ዳቦ ግቢው ውስጥ ይዘጋጅ። ነጭ ልብሱን ግን አዲስ አሰፉ አትበሉ፤ የደንብ ልብሱ ላይ ነጠላ ይበቃል፤ በልብስ ወጪ ልጁን የሚያስቀር ወላጅ አለ። የቆረቡትን ስም በዚያው ዕለት በቁምስናው መዝገብ አስመዝግቢ፤ ሜሮን የተቀባ ካለ ደግሞ ለተጠመቀበት ቁምስና በደብዳቤ ይነገር።