ግራው ከላይ፣ ቀኙ ከውስጥ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ ናጎያ የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ሐምሌ ላይ ርችት ለማየት ዩካታ (ከጃፓኖች ባህላዊ ልብስ፣ ከኪሞኖ፣ ቀለል ያለውን) ለብሼ ስወጣ አንዲት አዛውንት መንገድ ላይ አስቁመው ልብሴን እንደ አዲስ ደረቡልኝ። ደንግጠው ነበር። ቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ ደግሞ እዚያ ሰው በፒጃማ ሱቅ ቢገባ ዞሮ የሚያየው የለም ትለኛለች። ልዩነቱ ከምን መጣ? አለባበሱንም አስረዱኝ፤ ረጅም ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይፈታብኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ቀኙን ከላይ ደርበሽው ነበር ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ እንዲያ የሚደረበው ለአስከሬን ነው። ለሕያው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ግራው ከላይ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ እንዲህ እንዲለብስ የታዘዘው በ719 እ.ኤ.አ. ነው። የነጠላ አጣፋችን ለሐዘንና ለደስታ እንደሚለያይ ስለምታውቂ የሴትዮዋ ድንጋጤ ይገባሻል።

አሠራሩን ብታዪው የበለጠ ይገለጥልሻል። ኪሞኖ ወርዱ ከ36 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ጣቃ ይወጣል። ቅዱ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል እንጂ ተቆርጦ አይጣልም። ስለዚህ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ለሌላ ሰው እንደገና ይሰፋል። የሕፃን ኪሞኖማ ትከሻውና ወገቡ ላይ ታጥፎ ተሰፍቶ ልጁ ባደገ ቁጥር ይለቀቃል። በአንድ ሰው ገላ ልክ ያልተቀደደ ልብስ ልክ የሚሆነው በአለባበስ ነው፤ አለባበሱ ደግሞ የሁሉም የጋራ ዕውቀት ነው። የማያውቁሽ ሴት እጃቸውን የዘረጉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አለባበሱ። የጀርባው መሃል ስፌት አከርካሪሽ ላይ ይዋል፤ ጫፉን እስከ ቁርጭምጭሚትሽ አንሺው። ግራውን ደርበሽ ጠርዙ ቀኝ ዳሌሽ ጎን መድረሱን ለኪና መልሰሽ ግለጪው። ቀኙን ወደ ውስጥ አስገቢ፤ የታችኛውን ጥግ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፤ አለበለዚያ ስትራመጂ ከግራው ሥር ብቅ ይላል። ግራውን መልሰሽ ደርቢና የመጀመሪያውን ማሰሪያ ከዳሌ አጥንትሽ በላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። የሚፈታብሽ እዚህ ላይ ይመስለናል። ብዙ ሰው ደረቱን አጥብቆ ይህን ያላላል፤ የልብሱን ክብደት የሚሸከመው ግን ይኸኛው ነው። በብብት ሥር ባለው ክፍት እጅሽን አስገብተሽ ትርፉን ጨርቅ ወደ ታች አውርጂው፤ ማሰሪያው ላይ የሚተኛው እጥፋት ኦሃሾሪ ይባላል። ኮሌታውን ከማጅራትሽ የአንድ ጭብጥ ያህል አርቂ፣ ሁለተኛውን ማሰሪያ ከጡትሽ ሥር እሰሪ፣ ከዚያ መቀነቱ፣ ማለትም ኦቢው፣ ይከተላል። የሴት ዩካታ ርዝመቱ ከቁመትሽ ጋር እኩል ገደማ መሆን አለበት። ካጠረሽ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ወደ ዳሌሽ ዝቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ለእጥፋቱ ጨርቅ ይተርፍሻል።

እንግዲህ በኪሞኖ ባህል ልብስ ስለ ወቅቱ፣ ስለ ዕድሜና ስለ ቦታው ይናገራል። በልማዱ ገበር ያለው ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ገበር የሌለው በሰኔና በመስከረም፣ ስሱ በሐምሌና በነሐሴ ይለበሳል (ወራቱም ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ረጅም እጅጌ ያለውን የምትለብሰው ያላገባች ሴት ናት። ከረባት መተው እንኳ በጋራ የመጣ ነገር ነው፦ በ2005 መንግሥት ኃይል ለመቆጠብ የቢሮ ማቀዝቀዣ በ28 ዲግሪ እንዲወሰን ሲጠይቅ ሚኒስትሮቹ ራሳቸው ያለ ከረባት ታዩ፤ ሠራተኛውም ተከተለ።

አሜሪካ ልብስ በቅድሚያ የሚናገረው ስለ ለባሹ ነው። በ1873 ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ነጋዴው ሊቫይ ስትራውስ የሱሪ ኪስ እንዳይቀደድ ጥጎቹን በመዳብ ሪቬት (ምስማር መሰል ማያያዣ) የማጠንከር የባለቤትነት መብት አገኙ። ያ የጉልበት ሠራተኛ ሱሪ ዛሬ ሀብታምም ድሃም የሚለብሰው ጂንስ ነው። በ1969ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጦርነትን ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎችን መብት አጽንቷል። እኅትሽ ግን እዚያ ሠርግ ስትጠራ ነጭ እንዳትለብስ ንገሪያት፤ ነጩ የሙሽራዋ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአዲሱ ሥራዬ ደብዳቤ «ቢዝነስ ካዥዋል» ይላል። ምን ልልበስ? ሹሩባዬንስ ልፍታ?

መልስ፦ ጂንስ፣ ስኒከርና ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይቅሩ። ጥቁር ወይም ሰማያዊ የጨርቅ ሱሪ ወይም ከጉልበት የሚወርድ ጉርድ፣ ሸሚዝ ወይም ስስ ሹራብ፣ የተዘጋ ጫማ ይበቃዎታል። የመጀመሪያውን ቀን ኮት ይጨምሩ፤ ሌሎቹ ያለ ኮት ከሆኑ ያወልቁታል፣ ሳይዙ ቢሄዱ ግን ከየትም አያመጡትም። ሹሩባዎን አይፍቱ። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ከዘር ጋር በተያያዘ የፀጉር አሠራር ምክንያት አድልዎ ማድረግን በሕግ ከልክላለች፤ ሹሩባም በዚህ ይሸፈናል።