ፕለጊኑ ይቆየንና መጀመሪያ ቤዙ

ድሮ ወደ እኔ ይመጡ የነበሩት ለሰርግ ሞንታርቦ የሚከራዩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ደሴ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚመጣው ወጣት በዝቷል። «ጋሼ፣ ድራም ኤንድ ቤዝ ሠርቼ ነበር፣ ግን ድምፁ ይታፈናል» ይለኛል። ድራም ኤንድ ቤዝ በፈጣን ድራምና በከባድ ቤዝ የሚሄድ የኮምፒውተር ሙዚቃ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የትኛውን ፕለጊን (ሙዚቃ መሥሪያው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ልጫን?» መልሴም አንድ ነው። ምንም አትጫን፣ ያለህ ይበቃሃል።

አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም። ከካሴት እስከ ኮምፒውተር በድምፅ ሥራ ነው የኖርኩት። ግን የጀማሪ ሚክስ፣ ማለትም የድምፆቹ ቅልቅል፣ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ታች፣ ቤዙ አካባቢ ነው። እዚያ ያለውን ጣጣ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ጆሮ ነው የሚፈታው።

የዚህ ሙዚቃ ውበቱም ፈተናውም ፍጥነቱ ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 174 ምት ይሄዳል። አስሉት፤ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ 345 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው ያለው። በተለመደው አካሄድ ኪኩ (ወፍራሙ የድራም ድምፅ) አንደኛው ምት ላይ ይመታል፣ ስኔሩ (ስል ጥፊ የሚመስለው) ሁለተኛው ላይ። የመረጣችሁት ኪክ ጅራቱ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ፣ ኪኩ ገና ሳያልቅ ስኔሩ ይደርስበታል። በላዩ ላይ ቤዙ አለ። ከዚያ «ታፈነ» ይባላል። ይህን ኢኪው፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያው፣ አይፈታውም። ኪኩን አሳጥሩት። ጅራቱን ቁረጡና መጨረሻው ላይ ትንሽ ፌድ አድርጉለት፣ ቀስ ብሎ ይጥፋ፣ በቃ።

ቀጥሎ ፌደሮቹን፣ የየድምፁን መጠን መቆጣጠሪያዎች፣ በሙሉ ወደ ታች አውርዱ። ስኔሩን ብቻ አንሱ። ከዚያ ኪኩን፣ ከዚያ ቤዙን። ሦስቱ ብቻቸውን አንገት ካላስነቀነቁ፣ ሌላው ቢጨመር ሙዚቃውን አያድነውም። ማስተሩ ላይ፣ ሁሉም ድምፅ በሚገናኝበት የመጨረሻ ቻናል፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ያህል ይቅር። ሊሚተር (ድምፁ ከገደብ እንዳያልፍ የሚይዘው) አሁን አያስፈልግም። ድምፅ ሲጮህ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ሥራ ከምትወዱት ትራክ ጋር ስታወዳድሩ የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጉ።

ታችኛው ድምፅ እንደ ሚኒባስ ጋቢና ነው። አንድ ሰው ከተጨመረ ሹፌሩ ማርሽ መቀየር ያቅተዋል። ሰብ ቤዙ፣ የቤዙ የመጨረሻ ታች፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ኸርዝ (በሰከንድ የሚኖር የንዝረት ቁጥር) ይቀመጣል። ኤፍ ኖታ 44 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ጂ 49። ኪኩን ከዚያ ከፍ አድርጉና 90 ወይም 100 አካባቢ አስቀምጡት። የስኔሩ ሆድ ደግሞ 200 አካባቢ ነው። ኪኩ ሲመታ ቤዙ ለአፍታ ጎንበስ እንዲል ሳይድቼይን ተጠቀሙ። ሦስት አራት ዴሲቤል በቂ ነው፤ ሪሊዙ (ቤዙ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ) ግን አጭር ይሁን፣ 80 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ከረዘመ ቤዙ ሳይመለስ ቀጣዩ ምት ይደርሳል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ሞኖ ይሁን፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት።

የሌላውን ትራክ ሁሉ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ አሁን ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም። ሙዚቃው ይቀጥናል፣ ይበርዳል። የሚቆረጠው ቦታ የሚሻማው ብቻ ነው። ለምሳሌ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቀረፀውና አሜን ብሬክ የሚባለው የድራም ቁራጭ፣ ጃንግልም (የድራም ኤንድ ቤዝ ቀዳሚው) ድራም ኤንድ ቤዝም ብዙ የተገነባበት ነው። እሱ የራሱን ኪክ ይዞ ነው የሚመጣው። በእናንተ ኪክ ላይ ከደረባችሁት የእሱን ታች መቁረጥ ግድ ነው።

ከበሮም እንደዚያው። የወሎ ልጅ ከበሮና ማሲንቆ ሲያስገባ ደስ ይለኛል፤ አምባሰልና ባቲ በ174 ሲሮጡ መስማት የሚያስቀኝም የሚያኮራኝም ነገር ነው። ግን የከበሮው ሰፊ ፊት ሲመታ ቤዝ ነው። ወይ ኪኩን አውጥታችሁ ከበሮውን ኪክ አድርጉት፣ ወይ ታቹን ቆርጣችሁ የጠባቡን ፊት ድምፅ ብቻ ተጠቀሙ። ሁለቱንም ማቆየት አይቻልም። ማሲንቆው ደግሞ መካከል ላይ ነው የሚኖረው። ስኔሩ ላይ ረጅም ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ከጫናችሁበት ማሲንቆው ይዋጣል። የሰው ዜማ ስትወስዱ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ይኼ እንኳን የሚክስ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ስለ ክፍላችሁ። ክፍል ይዋሻል። ሦስት በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል ያመላልሰዋል። ይኸው ቤዛችሁ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሞክሩት። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሳይን ዌቭ (ንጹሕ ነጠላ ድምፅ) ክፈቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ ከጥግ ተነስታችሁ ወደ ክፍሉ መሀል ተራመዱ። ጥግ ላይ ያገሳል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። መሀል ተቀምጦ የሚሠራ ሰው «ቤዙ አነሰ» ብሎ ይጨምራል፤ ሌላ ቦታ ሲከፈት ቤት ያንቀጠቅጣል። ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ መስቀል የላይኛውን ድምፅ ነው የሚውጠው፣ ቤዙን አይነካውም። አብሽሩ፣ ክፍሉን ማፍረስ አያስፈልግም። ከመሀል ትንሽ ወደ ግድግዳ ተጠጉ፣ ድምፁን ሰው እያወራ በሚሰማበት ደረጃ አድርጉ፣ ታችኛውን በሄድፎንም አረጋግጡ።

አድማጫችሁ ግን በብዛት በስልክ ነው የሚሰማችሁ። የስልክ ስፒከር 49 ኸርዝ ማውጣት አይችልም። መፍትሔው ቤዙ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን በመጠኑ ማሻከር) መጨመር ነው። 98፣ 147፣ 196 ላይ ተደራቢ ድምፆች ይወጣሉ፣ ከዚያም በላይ ይቀጥላሉ። ስልኩ የላይኞቹን ያሰማል፣ ጆሮ ደግሞ የጎደለውን ታች ራሱ ይሞላዋል። ሳቹሬሽኑ በቤዙ ኮፒ ላይ ይሁን፣ ንጹሑ ሰብ እንዳለ ይቆይ።

ሲያልቅ ፍላሽ ላይ ጫኑትና ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሹፌሩን አስፈቅዳችሁ አስከፍቱት። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የሞተሩ ጩኸት ቤዙን ይሸፍነዋል፤ ስኔሩ ከዚያ ጩኸት በላይ ይሰማል ወይ? ኮምቦልቻ ገብቶ መኪናው ሲቆም ደግሞ ቤዙ በሩን ያንገጫግጫል ወይ? የሰማችሁትን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ቤት ስትገቡ ሁሉንም አትነካኩ። በሚኒባሱም፣ በስልኩም፣ በሄድፎኑም የተሰማውን ችግር ብቻ አስተካክሉ። አንድ ቦታ ብቻ የተሰማው ምናልባት የስፒከሩ ጣጣ ነው። አሮጌውን ፋይል አታጥፉት፣ አዲሱን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።